በእትዬ ሠላሳ ሰባት ኅልፈትና ዝም ባለው የጉበት ጂን ጉዳይ ከተቋሙ የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ከተቋሙ ጽሕፈት ቤት
ለሠራተኞች፣ ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለሥራ አጋሮችና ለወዳጆች በሙሉ

የድቅል ሕዋሳት ክፍላችን መሥራችና እስከ መጨረሻው ድረስ ኃላፊ የነበሩት፣ ከጥበቃ ሠራተኛው እስከ ዋና ዳይሬክተሩ ሁላችንም «እትዬ ሠላሳ ሰባት» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ተመራማሪ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ቤተሰቦቻቸው፣ ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት በማግስቱ ተፈጽሟል። ተቋማችን የተሰማው ሀዘን ጥልቅ ነው። ይህ ቃል በእንዲህ ዓይነቱ መግለጫ ላይ ቀርቶ እንደማያውቅ እናውቃለን። ዛሬም ያስገባነው ሌላ ፈልገን ስላጣን ነው።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ሕዋሳቱ ከሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን ነው። ከአጥቢ እንስሳ የተወሰደ ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ ደህና ሆኖ የሚኖረው የገላን ያህል ሲሞቅለት ነው፤ ያም ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው። እትዬ ጠዋት ሲገቡ ከ«እንደምን አደራችሁ» በፊት «ሠላሳ ሰባት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ «ነው» ከሆነ ሰላምታው ይቀጥላል። «ሠላሳ ስድስት ተኩል» ብሎ የመለሰ ሰው ግን ሰላምታውን የሚያገኘው በማግስቱ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ትኩሳት ይዞት ከሥራ ሲቀር «ሠላሳ ዘጠኝ ደርሻለሁ» ብሎ ቢልክባቸው፣ «አውጥታችሁ አቀዝቅዙት» ብለው መልሰዋል ይባላል።

ወደ ተቋማችን የመጡት ምድር ቤቱ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ በነበረበት ዘመን ነው። ክፍል ቢጠይቁ የተሰጣቸው እሱ ነበር። ወንበሮቹን ያኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩት ባለቤታቸው በእረፍት ቀናቸው መጥተው ተሸክመው አወጡላቸው። እትዬ ግድግዳውን ራሳቸው ቀቡ፤ መስኮቱን አቧራ እንዳያስገባ በላስቲክ አሸጉ፤ ከዚያም ሕዋስ ሳይበከል የሚነካበት፣ የተጣራ አየር የሚነፍስበት የሥራ ሳጥን እንዲገዛላቸው አመለከቱ። ለምን እንደሚያስፈልግ ሲጠየቁ «ሁለት ሕዋሶችን አንድ ለማድረግ» አሉ። የወቅቱ የፋይናንስ ኃላፊ «አንዱ ብቻውን አይበቃም ወይ?» ብለው መልሰውላቸዋል። ሳጥኑ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተገዝቷል።

ሥራቸውን በቅርብ ለማያውቁ ወዳጆቻችን ጽሕፈት ቤቱ ከእሳቸው ሰምቶ በገባው መጠን እንዲህ ያስረዳል። በአንድ እንስሳ አካል ውስጥ ያለ ሕዋስ ሁሉ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሙሉውን የጂን ስንቅ ይዞ ይኖራል። የጉበት ሕዋስ ግን ለጉበት የሚሆነውን መርጦ ይገልጣል፤ አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን እየሠራም ወደ ውጭ ያወጣል። የቆዳ ሕዋስም የአልቡሚን ጂን አለው፤ ነገር ግን ዘግቶት ነው የሚኖረው። እትዬ የያዙት ጥያቄ፣ ከአይጠመጎጥ ጉበት የመጣን ሕዋስና ከትንሿ አይጥ ቆዳ ሥር የመጣን ሕዋስ ብናዋሕዳቸው የሚገኘው ድቅል የማንን ጠባይ ይይዛል የሚል ነበር። ድቅሉ ይኖራል፤ ይከፈላል፤ ይበዛል። አልቡሚኑ ግን ይቀራል። ታዲያ ጂኑ ራሱ ጠፍቶ ነው ወይስ ከአይጧ ወገን የመጣ አንድ ነገር ዝም አሰኝቶት? እትዬ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዱ ረጅም መንገድ አይሄዱም ነበር። «አንዲት ሙሽራ እናቷ ቤት ሳለች ስታንጎራጉር ትውል ነበር እንበል። አገባችና አማቷ ቤት ገባች፤ ዝም አለች። ድምጿ ጠፋ ማለት ነው? ወይስ አማትየዋ ተቆጣቻት?» ይላሉ። ድቅል ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ጂኖቹን ከተሸከሙት ክሮሞሶሞች አንዳንዶቹን ይጥላል። ተቆጪዋ ያለችበት ክሮሞሶም አንድ ቀን የወደቀ እንደሆነ ሙሽራዋ እንደገና ታንጎራጉር ይሆናል። «እንግዲህ የእኛ ሥራ አማትየዋ ከቤት እስክትወጣ ሙሽራዋን እያበሉ መጠበቅ ነው» ብለው ይጨርሳሉ። የገዛ አማታቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ማብራሪያ ቤት ውስጥ እንዳይደግሙት ባለቤታቸው እንደለመኗቸው እናውቃለን።

የሕንፃው ጣሪያ በታደሰበት ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሕዋሳት አዋሕደዋል። የጉበቱን ሕዋስ የሚይዝ ሠራተኛ የቆዳውን እንዳይነካ፣ ለየወገኑም የየራሱ የምግብ ጠርሙስ እንዲኖር የደነገጉት ያን ጊዜ ነው። ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው የምትሻገር አንዲት ጠብታ የዓመት ሥራ ገደል ልትከት ትችላለች። ሠራተኞቹ ራሳቸውን «የጉበት ወገን» እና «የቆዳ ወገን» ብለው ከፈሉ፤ በምሳ ሰዓትም ለየብቻ ይቀመጡ ጀመር። እትዬ ይህ መመሪያው ላይ የለም ብለው አስታርቀዋቸዋል።

ሊፍቱ በቆመበት ዓመት (ዛሬም እንደቆመ ነው) «ዝምተኛዋ» ተብላ የምትታወቀውን ድቅል ዘር አገኙ። ጤናማ ናት፤ ፈጥና ታድጋለች፤ አልቡሚን ግን አትሠራም። በሌሎች ድቅሎች ላይ እንዲህ ዝም ያለ ጂን ተመልሶ መገለጡን ሌሎች ተመራማሪዎች ጽፈዋል። እትዬ በእጃቸው ያለችው ድቅል ይህን ስታደርግ በዓይናቸው እስኪያዩ ድረስ ስለ እሷ አንድም ቃል አላሳትምም አሉ፤ አላሳተሙምም። ጽሕፈት ቤቱ የኅትመት ቁጥር ለሚጠይቁ አካላት ይህን ለማስረዳት ሲቸገር ኖሯል።

የዝምተኛዋን ፈሳሽ የሚለኩት የፕሮቲን ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሊፍት ስለሌለ ከሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ወርደው ውጤቱን በአፋቸው ይነግራሉ። ውጤቱ ሁልጊዜ «የለም» ስለሆነ ስማቸው «ጋሽ የለም» ሆኖ ቀረ። በስልክ «ጋሽ የለም አሉ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግራ ተጋብቶ የዘጋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እትዬ «የለም» በተባሉ ቁጥር «እንግዲያው ገና ነው» ብለው ወደ ብልቃጣቸው ይመለሱ ነበር።

መብራት በተደጋጋሚ በጠፋበት ዓመት ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልቆበት ማሞቂያ ሳጥኑ መቀዝቀዝ ጀመረ። እትዬ ብልቃጦቹን በደንብ ከድነው ለሠራተኛው አደሉ፤ ሁሉም በጉያው ይዞ መብራቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። የወቅቱ ዳይሬክተር ሁለት ብልቃጥ ብብታቸው ሥር አድርገው የበጀት ስብሰባ መርተዋል። በዚያ ስብሰባ እጅ አውጥቶ የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያም ወዲህ የተቋሙ ቋሚ መመሪያ የሆነውን የባዶ ብልቃጥ ሥርዓት አወጡ። ሕዋስ ያለበት ብልቃጥ በሚለካበት ጊዜ ሁሉ ምግቡ ብቻ ያለበት፣ ሕዋስ የሌለበት አንድ ብልቃጥ አብሮ ይቀመጣል፤ አብሮ ይሞቃል፤ አብሮ ይለካል። ምክንያቱም የሕዋሳቱ ምግብ ከጥጃ ደም የሚለይ ሴረም ይገባበታል፤ ጥጃም ጉበት ስላለው ሴረሙ በራሱ በጥጃ አልቡሚን የተሞላ ነው። የአይጠመጎጡን አልቡሚን ፈልጎ የሚያገኘው መመርመሪያ የጥጃውም ሲበዛበት ይሳሳታል። ስለዚህ ሕዋሳቱ ከመለካታቸው በፊት ታጥበው ሴረም በሌለው ምግብ ይቆያሉ፤ ባዶዋም ብልቃጥ ትጠየቃለች። እትዬ ከግዢ ክፍሉ ጋር በሴረም ዓይነት ያልተጨቃጨቁበት ዓመት አልነበረም። ግዢ ክፍሉ አሸንፎ አያውቅም።

በሙያቸው ያፈሯቸው ተመራማሪዎች በየሥፍራው ክፍል ይመራሉ። እትዬ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሕዋስ ለማብላት ሲመጡ ባለቤታቸው አውቶቡስ የለመደ እጃቸውን በትንሿ መኪና ላይ እያስጨነቁ ያደርሷቸው ነበር። «ልጆቿን ልታበላ ነው» ይሉናል በር ላይ ቆመው። ሴት ልጃቸው በአንድ የሠራተኞች በዓል ላይ «እኛ ቤት ምሳ ሊዘገይ ይችላል፤ እዚህ ግን ዘግይቶ አያውቅም» ብላ ስትናገር ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት እትዬ ነበሩ።

ቀጥሎ ያለው በሀዘን መግለጫ ላይ ከተለመደው ወጣ ያለ ነው። የምንጽፈው በባለቤታቸውና በምክትላቸው ፈቃድ ነው፤ እትዬን ያላወቀ ሰው በዚህ ያውቃቸዋል ብለን ስላመንን ነው።

እትዬ ሆስፒታል ሲገቡ እንደማይወጡ እሳቸውም እኛም አውቀን ነበር። ሊጠይቃቸው የሄደውን ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ዝምተኛዋ ነበር። የክፍሉ ምክትል ኃላፊ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው ጀምሮ በእትዬ እጅ ያደጉት፣ እትዬ የጥያቄያቸውን መልስ ሳይሰሙ ያልፋሉ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። ዝምተኛዋን ከፋፍለው ብዙ ንዑስ ዘሮች አሳድገው ነበርና፣ ከአንዷ ፈሳሽ ቀድተው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ላኩ። ማጠቡና ሴረም በሌለው ምግብ ማቆየቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ አልነበረም። ከሴረሙ ጋር እንዳለ ላኩት።

ጋሽ የለም ያን ዕለት ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። ዕድሜያቸውን ለምናውቅ ይህ ራሱ ዜና ነበር። «አለ! አለ እኮ! ሞልቶ ፈሷል!» እያሉ ነው የወረዱት። ምክትሏ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ዳይሬክተሩ መኪና ፈቀዱ፤ ጽሕፈት ቤቱም በራሱ ተነሣሽነት አበባ ገዛ። በዚያ ደስታ ውስጥ ባዶዋን ብልቃጥ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። መመሪያውን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው እኛው ነን፤ ከሥሩ ቆመን ተጨባብጠናል።

ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ነበር። ምክትሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክከው «ተመለሰ፣ እትዬ። ጉበቱ ተመለሰ» አሏቸው። እትዬ እጃቸውን በምክትሏ ጭንቅላት ላይ አኖሩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው መስኮቱ አጠገብ ሆነው ያን ፈገግታ ያዩ ነበር። ስንወጣ ኮሪደር ላይ የእያንዳንዳችንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑን።

በማግስቱ ማለዳ ባለቤታቸው ወደ ክፍሉ ደወሉ። «እሷ ጠይቅልኝ ብላኝ ነው። እኔ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ባዶዋስ ምን አለች? ነው የምትለው» አሉ። ስልኩን ያነሡት ምክትሏ ነበሩ። «መልሼ እደውላለሁ» ብለው ዘጉ።

ያን ቀን ምግቡን ብቻውን፣ አንድም ሕዋስ ሳይኖርበት ለኩ። መመርመሪያው ከዝምተኛዋ እኩል አልቡሚን አሳየ። ጋሽ የለም በሩጫ የወረዱት ከሴረሙ ውስጥ ጥጃውን ሰምተው ነበር። ምክትሏ በዚያ ሥራ ላይ ስንት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለተማሪ የሚያስተምሩትን ስሕተት ራሳቸው ሠሩት። ከፍቅር የመጣ ጥድፊያ መሆኑን ለመናገር የሳይንስ ዕውቀት አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው መልሱን ሳይጠብቁ በአካል መጡ። የሆነውን ሲሰሙ የእትዬን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልለምናችሁ» አሉ። «ስንት ጊዜዋ ነው ከሳቀች። ትናንት ሳቀች። ተዉላት። ምን ይጎድልባችኋል? ባዶዋ ደህና ናት በሏት።»

ምክትሏ ወዲያው ተስማሙ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኃጢአቱም በእኔ ላይ ይሁን» አሉ። ጋሽ የለም ግን አሻፈረኝ አሉ። «ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ የለም አልኳት። አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። የምታምነኝም ለዚያ ነው። አሁን በመጨረሻ ላታልላት?» አሏቸው።

«አንተ ከእሷ ጋር ብልቃጥ ነው የምትጋራው። እኔ ትራስ ነው የምጋራው» አሉ ባለቤታቸው፤ ድምፃቸውም ከፍ ብሎ ነበር።

በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ሥራው በወጉ ይደገም። ሕዋሳቱ ይታጠቡ፤ ሴረም በሌለው ምግብ ይቆዩ፤ ባዶዋም አብራ ትቀመጥ። አልቡሚኑ በእርግጥ ካለ የመጀመሪያው ስሕተት ለማንም አይነገርም። ከሌለ ግን ያኔ እንመካከራለን ተባለ። እትዬ እስከዚያ ይቆዩ ይሆን የሚለውን ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። ባለቤታቸው ለእትዬ «እየሠሩት ነው ይላሉ» ብለው ነገሯቸው፤ ይህም እውነት ነበር።

እትዬ ቆዩ። ውጤቱም መጣ። በሁለቱም ብልቃጦች አልቡሚን አልተገኘም።

ጋሽ የለምና ምክትሏ ሆስፒታል ሲደርሱ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ከፊታቸው አወቁ። «ዛሬ አትንገሯት» አሉ።

«ከጠየቀችኝስ?» አሉ ጋሽ የለም።

«አትግባ።»

«ካልገባሁ ታውቃለች።»

ባለቤታቸው ከበሩ አልተነሡም። የዚህን ያህል ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ ሰው ሲገፋፋ ያልተቆጡ ሰው፣ ያን ዕለት ደረታቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ። በዚህ መሐል ከውስጥ የእትዬ ድምፅ መጣ፦ «ማነው እዚያ የሚንሾካሾከው? በሩን ከፍታችሁ ሙቀት አታስወጡብኝ፤ ወይ ግቡ ወይ ዝጉት።» ባለቤታቸው ገለል አሉ።

ጋሽ የለም ወንበር አልሳቡም። እትዬ አዩዋቸው።

«ባዶዋን አኖራችሁ?»

«አኖርን።»

«አጥባችኋል?»

«አጥበናል። በሴረምም አይደለም።»

«እንግዲህ ተናገራ።»

«የለም» አሉ ጋሽ የለም። «የፊተኛው የጥጃው ነበር። ባዶዋን ሳላኖር ነው አለ ያልኩሽ።»

ከዚያ እትዬ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «ጥጃ!» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ጉበት ስጠብቅ ጥጃ መጣልኝ!» ባለቤታቸው ውኃ አቀበሏቸው፤ ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

ምክትሏ ከበሩ አልፈው አልገቡም። «አንቺ፣ ነይ ወዲህ» አሏቸው። «ስለ ቸኮልሽልኝ አልቆጣሽም። ባዶዋን ስለ ረሳሽ እቆጣሻለሁ። ሁለቱን እንዳታምታቺው።» ከዚያ የትኞቹ ንዑስ ዘሮች ወደ በረዶ ሳጥኑ እንደሚገቡ፣ የትኞቹ በሙቀት እንደሚቆዩ፣ ክሮሞሶማቸው መቼ መቼ እንደሚቆጠር አንድ በአንድ ነገሯቸው። «አማትየዋ እስካሁን ቤት ናት። አትቸኩሏት። እሷ ስትወጣ እኔ ባልኖርም ሙሽራዋ ሰው አታማርጥም» አሉ።

ምክትሏ በማግስቱ የመልቀቂያ ጥያቄ ይዘው ወደ ዳይሬክተሩ ሄዱ። ዳይሬክተሩ በእትዬ ስልክ ቀድመው ታዝዘው ስለነበር አልተቀበሏቸውም። ተቋሙ የሥነ ሥርዓት እርምጃ አልወሰደም፤ እትዬ ራሳቸው ወስደዋል። በትእዛዛቸው መሠረት ምክትሏ እስከ በጀት ዓመቱ ፍጻሜ የክፍሉን ባዶ ብልቃጦች በገዛ እጃቸው ያጥባሉ። እያጠቡም ነው።

እትዬ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ያረፉት ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ሆነው ነው።

ተቋሙ የሚከተለውን ያሳውቃል። ዝምተኛዋና ንዑስ ዘሮቿ በማሞቂያ ሳጥናቸው ውስጥ በሕይወት አሉ፤ አይደፉም። ክፍሉ በምክትሏ ተጠባባቂነት ይቀጥላል። ጋሽ የለም ጡረታቸውን አራዝመዋል። ጉበቱ እስከዛሬ አልተገለጠም፤ የሚገለጥ መሆኑንም ለማንም ቃል አንገባም። እትዬ ያላዩትን ነገር በስማቸው ማወጅ ለእሳቸው ክብር አይሆንም።

ለሴት ልጃቸው፣ ለእኅቶቻቸውና ለወንድሞቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ ከልብ የመነጨ መጽናናትን እንመኛለን። የጎደለባችሁ ሰው ለእኛም ጎድሎብናል፤ ምድር ቤት ስንወርድ «ሠላሳ ሰባት ነው?» የሚለን ሰው የለም፤ እርስ በርስ እየተያየን ቴርሞሜትሩን ራሳችን እናያለን።

ለባለቤታቸው የምንለው ግን አጥተናል። ለቅሶ ለመድረስ ቤታቸው በሄድንበት ዕለት ምክትሏ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለዚያ የሐሰት ደስታ ይቅርታ ጠየቋቸው። ባለቤታቸው የመለሱላቸውን፣ እንዲጻፍ በፈቀዱልን መሠረት፣ እንደወረደ እናስቀምጣለን፦

«ልጄ፣ ተይ አታልቅሺ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አልነገርኩም። ተመለሰ ብላችሁ የነገራችኋት ዕለት፣ ገና እናንተ ከመውጣታችሁ ፈገግታዋ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች። አመማት ብዬ ነርሷን ጠራሁ፤ አላመመኝም አለች፤ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የለም ያላችኋት ዕለት ደግሞ እኔ አንገቴን ደፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠዋት በር ላይ ስለከለከልኳችሁ አፍሬም ነበር። እጄን ያዘችና ተኛች። እስኪነጋ ድረስ አልነቃችም። እጄ ደንዝዞ አላወጣሁትም። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ሚስቴን ምን እንደሚያስተኛት ያወቅሁት ያን ለት ነው።»